እሑድ ማታ የሚነሣው ሕመም

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ 11 ዓመት ሠርቷል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አዲሱ ኃላፊ በሰው ፊት ይሰድበዋል፤ የስብሰባ ሰዓት ሳይነግረው ‹ለምን ቀረህ› ይለዋል። ደሴ ቤታችን ሲገባ አያናግረንም፣ በልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ ቡና ላይ አይቀመጥም፣ ቅሬም (እድርም) መሄድ ትቷል። እሑድ ማታ ሆዱን ያመዋል። ሽማግሌዎች ‹ሶብር አድርጊ›፣ ታገሺ ይሉኛል። ጠልቶን ይሆን? ልጆቼን ይዤ ሐይቅ ወላጆቼ ዘንድ ልሂድ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎ ሕመም እሑድ ማታን ጠብቆ መነሣቱ ብዙ ይነግረናል። ቤተሰቡን የጠላ ሰው የሚጨንቀው ወደ ቤት ሲመለስ ነው፤ እሳቸው ግን የሚታመሙት የሥራው ሰዓት ሲቃረብ ነውና፣ በእኔ ግምት የቤትዎ ችግር ከቤትዎ አልተነሣም።

እኛ «አለቃው ጠምዶታል» የምንለውን ነገር በስዊድን ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሃይንዝ ሌይማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በስፋት አጥንቶታል። ከተራ ግጭት የለየውም በድግግሞሹና በቆይታው ሲሆን፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እየተደጋገመ ለ6 ወር ያህል የዘለቀ ጥቃት መሆኑን መለኪያ አድርጎ ነበር። አንድ ቀን የተሰነዘረ ስድብ አናድዶ ያልፋል፤ በየሳምንቱ የሚጠበቅ ውርደት ግን ሰውነትን ሌት ተቀን ዘብ ያቆመዋል። ለአጭር ጊዜ አደጋ የሚያስፈልጉት የጭንቀት ሆርሞኖች ሳይረግቡ ሲሰነብቱ እንቅልፍ ይሸሻል፣ የምግብ ፍላጎት ይዛባል፣ የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል፣ ሐሳብን መሰብሰብም ይከብዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ እንቅልፍ ያጣ የመጋዘን ሠራተኛ በእውነት ቁጥር መሳት ይጀምራል፣ አለቃውም ስሕተቱን አንሥቶ «አላልኳችሁም?» ይላል፣ ተበዳዩም ውሎ አድሮ «ለካ እውነትም የማልረባ ነኝ» ብሎ ያምናል።

ቀኑን ሙሉ የታፈነው ቁጣ ደግሞ ከሥራ በማያስባርርበት ቦታ፣ በቤት ውስጥ፣ ይወጣል። ይህ በልጆች ላይ መጮኽን ትክክል አያደርገውም። ልጆቹ ጥፋቱ የእነሱ እንዳይመስላቸው፣ አባታቸውን ሥራ ቦታ የሚበድል ሰው እንዳለ በዕድሜያቸው ልክ ይንገሯቸው።

ሶብር ሰው ሊለውጠው ለማይችለው ነገር መልካም ምክር ነው። በየሳምንቱ ለሚዋረድ ሰው ሲነገር ግን «ጥፋቱ ያንተ አለመቻል ነው» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። በወሎ አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ደም የተቃባን ሳይቀር ያስታርቃሉና የሽምግልናን ክብር አልነካም፤ ነገር ግን አንደኛው የሌላውን እንጀራ በእጁ ይዞ ሳለ ሁለቱን እንደ እኩል ባላንጣ ማስታረቅ፣ ተበዳዩን ይቅርታ ጠያቂ እንዳያደርገው እሰጋለሁ።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ ምንም ምክር ሳይጨምሩ፣ ባለቤትዎን «የሚደርስብህን አምንሃለሁ» ይበሏቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተነገረውን ቃልና በቦታው የነበሩትን ሰዎች፣ በአንድ ደብተር መዝግበው ይያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ደብተሩ ለሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከአለቃው በላይ ላለው ኃላፊ ሲቀርብ አቤቱታውን ከሐሜት ይለየዋል። በንዴት ሥራ ከመልቀቃቸው በፊት ግን፣ የመብት ጥያቄው የጊዜ ገደብ ስላለው፣ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ባለቤትዎ እንቅልፍ የሚያጡ ከሆነ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ፤ «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከሰሙ ግን ብቻቸውን አይተዉአቸው፣ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው።

ሐይቅ ስለ መሄዱ፣ በእርስዎ ወይም በልጆቹ ላይ እጃቸውን ካነሡ አይቆዩ። ነገሩ ከጩኸት ካላለፈ ግን፣ የዓመት ፈቃድ ወስደው ለአንድ ሳምንት እንኳ አብረዋችሁ ቢሄዱ እመርጣለሁ።