መልስ፦ ቧንቧው ቶሎ ቶሎ ለምን ይበላሻል?

በአዘዞ ያለው ቤትዎ ቧንቧ በየጊዜው የሚያንጠባጥበው ለምን እንደሆነ ለጠየቁት፣ እኔ የምጠረጥረው የውሃ ፈረቃውን ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ አየርና ደለል እየገፋ ይመጣል፤ አሸዋው የቧንቧውን ጎማ ይበላዋል፣ የሻወሩንም ቀዳዳ ይደፍናል። ስለዚህ ውሃ በመጣ ቁጥር አስቀድመው የግቢውን ቧንቧ ከፍተው ድፍርሱን ያፍስሱ። ሮቶውንም ክረምት ሲወጣ ያሳጥቡት፤ ከታች የሚገኘውን ጭቃ ሲያዩ ይገረማሉ።

ስውር ፍሳሽ ለማወቅ ሮቶው ሞልቶ ሳለ ቧንቧውን ሁሉ ይዝጉና ቆጣሪውን ይመልከቱ፤ መርፌው ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ ይፈሳል። በመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ደግሞ አንድ ስኒ የጠለለ ቡና ይጨምሩ፤ ውሃውን ሳይለቁት ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎማውን ያስቀይሩ፣ ዋጋው ቀላል ነው። የጠላ አተላና የወጥ ቅባት በእቃ ማጠቢያው የሚደፋ ሰው ካለ ግን፣ የፍሳሽ ቱቦውን ስለሚደፍን፣ አስቀድመው እሱን ይምከሩ።