የቨርጂኒያ የመኪና ኢንሹራንስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ጋሼ፣ በቨርጂኒያ ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛ ሽፋን አሁን ስንት ነው?

መልስ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ የተጀመረ ወይም የታደሰ ውል ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር መሸፈን አለበት። ይህ ገንዘብ ጥፋቱ የእናንተ ሲሆን ለተጎዳው ሰው የሚከፈል እንጂ መኪናችሁን የሚያሠራ አይደለም። ባለ 40,000 ዶላር መኪና ገጭታችሁ ከጥቅም ውጭ ብታደርጉ ኩባንያው 25,000ውን ይከፍላል፤ 15,000ው በእናንተ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ለዲኤምቪ (ለመኪና ምዝገባና መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻላል ይባላል።

መልስ፦ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ኡበር እሠራለሁ። የግል ኢንሹራንሴ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚጎዱትም እዚህ ላይ ነው። ጥሪ ተቀብለው ተሳፋሪውን እስኪያወርዱ ድረስ በሌሎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት በኡበር በኩል የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን አለ። እዚሁ ቨርጂኒያ ዳላስ (Dulles) ኤርፖርት ቆመው አፑን ከፍተው ጥሪ ሲጠብቁ ግን ሽፋኑ ወደ 50,000፣ 100,000 እና 25,000 ይወርዳል፤ በዚያ ሰዓት የራስዎ መኪና ቢጎዳ የአፑ ኩባንያ አያሠራልዎትም፣ የግል ኢንሹራንስዎም አብዛኛውን ጊዜ «ሥራ ላይ ነበሩ» ብሎ አይከፍልም። ስለዚህ ኩባንያዎ ለራይድሼር (እንደ ኡበር በአፕ ተሳፋሪ ለማጓጓዝ) የሚሸጠው ተጨማሪ ሽፋን እንዳለ ይጠይቁ፣ ከገዙም በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፉን በዓይንዎ ይዩ።

አባል (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ሜሪላንድ ስለሚወደድ እኔ በወንድሜ አድራሻ የቨርጂኒያ ታርጋ አውጥቻለሁ።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ይህ ማጭበርበር ነው።

አባል፦ ሁሉም ያደርገዋል እኮ!

መልስ፦ ሁሉም ቢያደርገውም፣ መኪናው የሚያድርበትን ቦታ ዋሽቶ የገዛ ሰው አደጋ በደረሰ ዕለት ክፍያ ሊከለከል ይችላል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ሚኒመሙ ስንት ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ የትኛው ኩባንያ ይሻላል?

መልስ፦ ዕድሜዎን፣ የመኪናዎን ዓይነትና የመንጃ ታሪክዎን ሳላውቅ ልመልሰው አልችልም።

ጥያቄ፦ የገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ ባይኖረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ጠየቁ። በቨርጂኒያ ውል ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ያነሰ ሽፋን ያለው ሰው ለሚያደርስብዎት ጉዳት የሚከፍል ክፍል አለ፤ እርስዎ ይቀነስልኝ ብለው ካልጠየቁ በስተቀር መጠኑ ለሌሎች ከገዙት ሽፋን ጋር እኩል ነው። ለጥቂት ዶላር ብለው አያስቀንሱት፤ ይህንንም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይፈትሹ።