መጨረሻ ባላንስ ያደረገው መቼ ነው?

ሰላም ልጆች እንዴት ናችሁ። ሐምሌ ስለገባ ሂሳብ ክፍል ያላችሁ የአመቱን መዝጊያ ይዛችሁ እያመሻችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሌሎቻችሁ ደሞ ከስራ ወጥታችሁ ታክሲ ተሰልፋችሁ ቤት ገብታችሁ ለኤሲሲኤ፣ ለዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያነት ፈተና፣ ታጠናላችሁ፣ እና ከሁላችሁም የምሰማው አንድ አይነት ነገር ነው፣ «ሞራል የለኝም፣ መጀመር አቃተኝ»። እኔ ሂሳብ ስራ ላይ 31 አመት ሞልቶኛል፣ ይሄን ቃል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ አንድ የቫውቸር (የእያንዳንዱ ክፍያና ገቢ ሰነድ) ማስቀመጫ ክፍል ስላለ ስለሱ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

1987 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው፣ ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ አመቴ። ያኔ ኮምፒውተር የለም፣ ሌጀሩ (ዋናው የሂሳብ መዝገብ) በእጅ ነው የሚሞላው፣ ድምሩም በእጅ። ትራያል ባላንሱን፣ የሁሉም ሂሳቦች ማመሳከሪያ ዝርዝሩን፣ ሳወጣ እኩል መምጣት ያለባቸው ሁለቱ ወገኖች፣ ዴቢትና ክሬዲቱ፣ በ4,500 ብር ተለያዩብኝ፣ ይሄ ከግማሽ አመት ደሞዜ በላይ ነው በዛን ጊዜ። ምን አደረግኩ፣ ካለፈው ሐምሌ 1 የመጀመሪያዋ ቫውቸር ተነስቼ አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመርኩ። ጥቅምት ወይ ኅዳር ላይ ስደርስ አይኔ ይፈዛል፣ የትኛውን እንዳየሁ የትኛውን እንዳላየሁ ይጠፋኛል፣ እንደገና ከሐምሌ። ስምንት ቀን እንደዛ ሆንኩ። በስምንተኛው ቀን እዛው ካርቶኖቹ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ስራውን ልለቅም አስቤ ነበር።

ሂሳብ ሹማችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ገቡና አንድ ካርቶን ገፋ አድርገው ተቀመጡ፣ አይዞሽም አላሉኝ፣ ለምን ታለቅሻለሽም አላሉኝ። «መጨረሻ ባላንስ ያደረገው መቼ ነው?» አሉኝ፣ ሁለቱ ወገን መጨረሻ እኩል የመጣው መቼ ነው ማለታቸው ነው። መጋቢት 30 አልኳቸው። «ታዲያ ልጄ ሐምሌ ላይ ምን ትሰሪያለሽ? በይ ሚያዝያን አምጪው» አሉኝ። ሚያዝያን ላመጣ ስነሳ ደሞ «እስቲ መጀመሪያ ልዩነቱን ለ9 አካፍይው» አሉ። 500 መጣ፣ ትርፍ የለውም። «እንግዲያው የተገላበጠ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም፣ ሌላውን ተይውና እሱን ፈልጊ»።

ለማታውቁት ላስረዳችሁ፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ከተቀያየሩ የሚመጣው ልዩነት ሁሌ ለ9 ይካፈላል፣ አንድ ዜሮ ተጨምሮ ወይ ተቀንሶ ከተጻፈም እንደዛው። በርግጥ በአጋጣሚም ለ9 የሚካፈል ልዩነት አለ፣ ስለዚህ ማስረጃ አይደለም፣ ከየት ልጀምር ለሚል ሰው ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጀመርን፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ግንቦት ላይ አገኘነው። ቫውቸሩ ላይ 8,350፣ ሌጀሩ ላይ 3,850፣ በራሴ እጅ ጽሁፍ።

እኔ ከዛ ቀን የያዝኩት የ9ኙን ዘዴ አይደለም፣ እሱን ማንም አስተማሪ ይነግራችኋል። የያዝኩት ስምንት ቀን ሙሉ ስቆፍር የነበረው ምንም ስህተት የሌለበትን ዘጠኝ ወር እንደነበር ነው። አስራ ሁለት ወር ተሸክሜ ነበር፣ የኔ ስራ ግን ሶስት ወር ብቻ ነበር። እና ያን ቀን ሞራሌ የተመለሰው ስህተቱ ሲገኝ አልነበረም፣ ገና ጋሼ «ሚያዝያን አምጪው» ሲሉኝ ነው፣ ስራው ድንበር ሲበጅለት ማለት ነው። እናንተ ሞራሉ ይምጣና ልጀምር ትላላችሁ፣ እኔ እስከማውቀው ሞራል እንደዛ ቀድሞ አይመጣም፣ የት ጋ እንደቆማችሁ ስታውቁ ነው የሚመጣው።

አሁን ፒችትሪው (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ዴቢትና ክሬዲት ካልተካከለ አያሳልፍም፣ ግን የባንክ ሪኮንሲሌሽኑ፣ መዝገባችሁን ከባንኩ ጋር ማመሳከሩ፣ አልታረቅ ሲላችሁ ያው ነው፣ ትምህርትም ያው ነው። አንዲት አብራኝ የምትሰራ ልጅ ኤሲሲኤ ተፈትና 46 አመጣች፣ ማለፊያው 50 ነው። ከ13ቱ ፈተና ገና ስንት ይቀረኛል እያለች ተስፋ ቆርጣ፣ መጽሐፉን ከምዕራፍ አንድ ልትጀምር ነው። እኔም የጋሼን ጥያቄ ጠየቅኳት፣ መጨረሻ በደንብ የገባሽ የት ጋ ነው? አሰበችና ኮንሶሊዴሽን (የእናትና የልጅ ኩባንያዎችን ሂሳብ ማዋሃድ) ጋ ስደርስ ነው የሚጠፋኝ አለች። በቃ ከዛ በፊት ያለውን ዝጊው አልኳት፣ ያ ያንቺ መጋቢት 30 ነው።

አንዳንዴ ደሞ ሞራል የለኝም የምንለው ነገር ያልገባን ነገር ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ 847/2006 ከወጣ በኋላ ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ወደ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ ስንሸጋገር አንድ ጎበዝ ልጅ የቋሚ ንብረት መዝገቡን ሁለት ሳምንት አልነካ አለ፣ ሌላውን ስራ ሁሉ ይሰራል እሱን ይሸሻል። ቁጭ አድርጌ ስጠይቀው መግዣ ሰነዳቸው የጠፋ የድሮ እቃዎች አሉ፣ ዋጋቸውን ምን ብሎ እንደሚይዝ አያውቅም፣ እንዳያውቅ መታየት ደሞ አሳፍሮታል። መጀመሪያ ለሚሸጋገር ድርጅት የእቃውን የሽግግር ቀን ትክክለኛ ዋጋ አስገምቶ እንደ መግዣ ዋጋ መያዝ ይፈቀዳል፣ አስር ደቂቃ ፈጀብን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሱን ሰነፍ እያለ ሲሰድብ ነበር፣ ይሄ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። እባካችሁ ራሳችሁን ከመስደባችሁ በፊት ያልገባኝ ምንድነው በሉ፣ ሰውም ጠይቁ።

ድርጅቶች አመታዊ ግብራቸውን እስከ ጥቅምት 30 ነው የሚያሳውቁት፣ እና አራት ወር አለን ተብሎ ነሐሴም መስከረምም ባዶ ሲያልፍ ስንቴ አየሁ መሰላችሁ። እኔ የማደርገው ነገር ቢኖር ማታ ስወጣ የቆምኩበት ወረቀት ላይ በቀይ እርሳስ እጽፋለሁ፣ «ነገ ከቫውቸር 412፣ ቀኑን ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር እይ»። ጠዋት ስገባ አላስብም፣ 412ን አነሳለሁ። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ስለ ስልክ ቤታችሁም በቂ ስለሚነግሯችሁ አልጨምርም። ሌሊት እያጠናችሁ አንድ መስመር ሶስቴ ካነበባችሁ ግን ያ ድካም ነው፣ ስንፍና አይደለም፣ ምልክታችሁን አድርጋችሁ ተኙ።

ያቺ የኤሲሲኤ ልጅ በሚቀጥለው ዙር ድጋሚ ትቀመጣለች። ትናንት ማታ የጉድዊል (ኩባንያ ሲገዛ ከተጣራ ንብረቱ ዋጋ በላይ የሚከፈለው) ስሌት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልካልኝ ነበር፣ እስከ ሶስተኛው መስመር ትክክል ነው፣ አራተኛው ላይ የሆነ ነገር አለ። እሱን ልይላትና ልመልስላት።