ናሙና ጽሑፉን ጓደኛዬ ትጻፍልኝ ወይ ላልከኝ ወንድሜ

ወንድሜ ጥያቄህን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ጋዜጠኝነት ልትመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሃል፣ የፈረንሳዊውን ደራሲ የሞፓሳንን ልብ ወለድ «ቤል-አሚ» አንብበህ «ዱሯ ምንም ሳይችል በሰው ወጣ፣ እኔስ ለስራ ማመልከቻ የሚጠየቀውን ናሙና ጎበዟ ጓደኛዬ ብትጽፍልኝ ምን አለበት፣ እሷ እንደሆነ እሺ ብላለች» ነው ያልከኝ።

እስቲ የልብ ወለዱን ዋና ሰው ዱሯን እንየው። ከአልጄሪያ የተመለሰ ወታደር፣ ፓሪስ ባቡር መስሪያ ቤት በዓመት 1500 ፍራንክ የሚከፈለው ጸሐፊ፣ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ኪሱ ያለችው 3 ፍራንክ ከ40 ሳንቲም ብቻ ሆና ምሳ ልተው ወይስ እራት እያለ የሚያሰላ። መንገድ ላይ የድሮ የጦር ጓደኛውን ፎሬስቲዬን አገኘ፣ እሱ ጋዜጣ ላይ ነው፣ አስገባው። እዚህ ድረስ ምንም ጥፋት አይታየኝም፣ የምታውቀውን ሰው ስራ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ አንተም ጠይቅ፣ አትፈር።

ከዛ ግን የመጀመሪያ ጽሑፉን ሊጽፍ ቁጭ ሲል አንድ መስመር እንኳን እምቢ አለው፣ የፎሬስቲዬ ሚስት ማድሌን ጋ ሄደ፣ እሷ ሲጋራዋን እያጨሰች ትነግረዋለች እሱ ይጽፋል፣ በሱ ስም ወጣ። ቀጣዩን ብቻውን ሲጽፈው እንደገና ስራው ተብሎ ተመለሰለት። አንተም ኤዲተሩ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አድርስልኝ» ሲልህ ጓደኛህ አጠገብህ አትኖርም። በኋላ ፎሬስቲዬ ሞቶ ዱሯ ማድሌንን ሲያገባ ባልደረቦቹ ጽሑፍህ የሱን ይመስላል እያሉ «ፎሬስቲዬ» ብለው ይጠሩት ጀመር፣ በሟቹ ስም!

አልዋሽህም፣ ሞፓሳን አልቀጣውም፣ የጋዜጣውን ባለቤት ልጅ አግብቶ ነው የሚያልቀው። ግን ማድሌንን ተመልከታት። ያን ሁሉ የጻፈችው እሷ፣ ስሟ አንድም ቀን አልታተመም፣ ከወረሰችው ሚሊዮን ግማሹን ወሰደባት፣ ሲበቃው ደግሞ ፖሊስ ይዞ መጥቶ ከሌላ ሰው ጋር አስያዛትና ፈታት።

እና ያቺ እሺ ያለችህ ልጅ እኮ እሷም ካንተ ጋር ተመርቃ ስራ ልትፈልግ ነው! ምርጥ ጽሑፏ ባንተ ስም ከወጣ እሷ ምን ይዛ ትቅረብ? ይሄን አስበኸዋል?

በዚህ ሳምንት ሰፈርህ ውስጥ አንድ ጉዳይ ፈልግ፣ ሁለት ሶስት ሰው አናግር፣ 400 ቃል ራስህ ጻፍ። ቢያስጠላህም ጨርሰው። ከዛ እሷ በቀይ እስክሪብቶ ታርምልህ፣ አንተም የሷን አርም፣ ቀይ የበዛበትን ወረቀት እንዳለ ላክልኝ፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን።