ለእናት ሕክምና ኢትዮጵያ የከፈልነው ከታክስ ይቀነሳል ወይ?

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። አሜሪካ እየሠራሽ፣ አዲስ አበባ ላሉት እናትሽ የኦፕሬሽን ወጪ ከፍለሻል። ታክስ ስታሠሪ ይቀነስልኛል ወይ ነው ጥያቄሽ። እናትሽ ኢትዮጵያዊት ከሆኑና ኑሯቸውም እዚያው ከሆነ፣ አይቀነስልሽም።

ሕክምናው ውጭ አገር መሆኑ አይደለም ችግሩ። አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) የሚያየው የታካሚውን ማንነት ነው። ወጪው የሚቀነሰው ለራስሽ፣ ለባለቤትሽ ወይም ለጥገኛሽ ሲሆን ነው። ጥገኛ ለመባል ደግሞ ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ሙሉ ቀለባቸውን አንቺ ብትችዪም ይሄ አይለወጥም። ወላጅ ማሳከም ለብዙዎቻችን ከወጪ ሁሉ ከባዱ ነውና፣ ሕጉ ያሳዝነኛል።

እናትሽ ግሪን ካርድ ካላቸውና ለሕክምና ወደ አገር ቤት ሄደው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በታክስ ሕጉ የአሜሪካ ነዋሪ ናቸው። ከመተዳደሪያቸው ከግማሽ በላይ የምትሸፍኚው አንቺ ከሆንሽ፣ የሕክምና ወጪያቸውን ማስገባት ትችያለሽ። አብረውሽ መኖርም አይጠበቅባቸውም።

ለእኔ እናት አንድ ታክስ ሠሪ «እናስገባቸው፣ ማን ያያል» ብሎኝ ነበር። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። አንቺም እንዲህ የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ሽሺው። ፎርሙ ላይ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ኋላ ሲመረመር ታክሱ ከነወለዱና ከነቅጣቱ የሚመጣው አንቺ ላይ ነው።

ለትዳር ጓደኛ ግን የዜግነት ጥያቄ የለም። ባለቤቴ ገና አዲስ አበባ ሳለች የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ተደርጎላት ነበር። አይቲን የሚባለውን የታክስ መለያ ቁጥር አውጥተንላት አብረን ፋይል አደረግን። እንዲህ ሲሆን የእሷም ገቢ አብሮ እንደሚገባ እወቂ።

እዚህ ላይ ያደከመን ደረሰኙ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። የሚቆጠረው ደግሞ ገንዘቡ የተከፈለበት ዓመት ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 የተከፈለው ዲሴምበር 29፣ 2024 ላይ ስለሚውል ወደ 2024 ይገባል። ታኅሣሥ 25 የተከፈለው ግን ጃንዋሪ 3፣ 2025 ነው፤ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል። እያንዳንዱ ደረሰኝ ጎን የፈረንጁን ቀንና የዕለቱን ምንዛሪ ጻፍኩበት። በተለይ ምንዛሪው ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ የከፈለ ሰው በአንድ ምንዛሪ ቢያሰላ ሒሳቡ ይፋለሳል። የሆስፒታሉ ማኅተም፣ የታካሚዋ ስምና የሕክምናው ዓይነት ደረሰኙ ላይ በደንብ ይታይ። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትም እዚያው ተገዝቶ እዚያው ከተወሰደ፣ በሁለቱም አገር ሕጋዊ እስከሆነ ድረስ ይቆጠራል።

የሚቆጠር ወጪ ኖሮሽም ሁሉም አይቀነስም። ከገቢሽ 7.5 በመቶ በላይ ያለው ብቻ ነው። ለታክስ የተስተካከለው ገቢሽ 60,000 ዶላር ቢሆን የመጀመሪያው 4,500 አይቀነስም። 7,000 ከፍለሽ ከሆነ 2,500ው ይቀነስልሻል። ያም ቢሆን የሚጠቅምሽ ከቤት ዕዳ ወለድ፣ ከስቴት ታክስና ከመሳሰሉት ጋር ተደምሮ ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውን፣ ያለ ደረሰኝ የሚቀነሰውን የተወሰነ መጠን ሲበልጥ ነው። እሱ ደግሞ ለ2025 ላላገባ ሰው 15,750፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር ነው። ቤት ለሌለውና በደሞዝ ለሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ አይደርስም። ስለዚህ ደረሰኝ ለማስተርጎም ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ይሄን ደምሪው።

ለእናትሽ ገና የሚከፈል ካለ፣ ከቻልሽ በእሳቸው አካውንት ሳይሆን ቀጥታ ለሆስፒታሉ አስገቢው። በ2025 ለአንድ ሰው ከ19,000 ዶላር በላይ ከሰጠሽ ፎርም 709 የሚባለውን የስጦታ ታክስ ፎርም መሙላት ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈል ታክስ ባይኖረውም ወረቀቱ አይቀርም። ለሆስፒታሉ በቀጥታ የተከፈለ የሕክምና ወጪ ግን እንደ ስጦታ አይቆጠርም፤ እናትሽ የየትም አገር ዜጋ ቢሆኑ።