የሎሬቶ መነኮሳት ትምህርት ቤት አጀማመር

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ማዘር ቴሬዛ የራሳቸውን ማኅበር ከመመሥረታቸው በፊት ሕንድ ውስጥ በሎሬቶ መነኮሳት ትምህርት ቤት ያስተምሩ እንደነበር አንብቤአለሁ። የእነዚህ መነኮሳት ትምህርት ቤት እንዴት ተጀመረ? (ከጎንደር፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ነገሩ ከጎንደር ታሪክ እምብዛም አይርቅም። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዋርድ በ1609 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የመሠረቱት ማኅበር፣ ሴቶች በገዳም አጥር ሳይወሰኑ በኢየሱሳውያን (ጀስዊት በሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት) ሥርዓት እየተመሩ ልጃገረዶችን እንዲያስተምሩ የታሰበ ነበር። ይህ ለዘመኑ እጅግ ደፋር ሐሳብ በመሆኑ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዑርባኖስ 8ኛ በ1631 ማኅበሩ እንዲፈርስ አዘዙ፤ ዐፄ ፋሲል ነግሠው ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡትም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ሐሳቡ ግን አልጠፋም። ፍራንሲስ ቴሬዛ ቦል የተባሉ አየርላንዳዊት መነኩሲት በ1820ዎቹ መጀመሪያ በደብሊን አጠገብ፣ ራትፋርናም በተባለ ስፍራ የሜሪ ዋርድን ማኅበር ቅርንጫፍ ሎሬቶን አቋቋሙ። ከዚያ ተነሥተው በ1841 መጨረሻ በመርከብ ካልካታ የደረሱት እኅቶች በጥር 1842 ሎሬቶ ሐውስ የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ማዘር ቴሬዛ ያስተማሩት ግን በዚህ ሳይሆን፣ በዚያው ከተማ እንታሊ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የማኅበሩ የቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት ነው፤ በ1944ም ርእሰ መምህርት ሆነውበታል።