ስለ ላትቪያውያን የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ሶስቱ የባልቲክ አገሮች ከሶቪየት ህብረት እንዴት እንደወጡ ትንሽ ጽፌ ነበር፤ ከዛ በኋላ ከመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ላትቪያ ስለሆነ ዛሬ እነሱን ብቻ ልመልስ። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ላትቪያ የሩሲያ ክፍለ ሀገር ናት አይደል?»

አይደለችም። ከ1991 ጀምሮ እንደገና ነፃ አገር ናት፣ ከ2004 ወዲህ ደሞ የአውሮፓ ህብረትም የኔቶም አባል ነች።

ሪያድ ያለች እህታችን ላትቪያኛ የሩሲያኛ ዘዬ ነው የሚል ቪዲዮ አይታ «እውነት ነው?» ትላለች።

ውሸት ነው እህቴ። ላትቪያኛ ከባልቲክ ቋንቋዎች ወገን ነው፣ ዛሬ በህይወት ያለው የቅርብ ዘመዱ ሊትዌኒያኛ ብቻ ነው። የሁለቱ ተናጋሪዎችም ቢሆኑ እርስ በርስ አይግባቡም። ኢስቶኒያውያን ጎረቤት ቢሆኑም የነሱ ቋንቋ የፊንላንዶች ዘመድ ነው። እዛው ላትቪያ የባህር ዳርቻ ላይ ሊቭ የሚባሉ ህዝቦችም ነበሩ፣ ቋንቋቸው ለኢስቶኒያኛ የሚቀርብ፤ አፏን በዛ ቋንቋ የፈታች የመጨረሻዋ ሴት በ2013 አረፈች። አሁን ሊቭኛን የሚማሩና የሚዘፍኑበት ጥቂት ሰዎች አሉ፣ መንግስትም የአገሩ ነባር ህዝብ ብሎ በህግ ያውቃቸዋል።

ከአዲስ አበባ የመጣ ረጅም ደብዳቤ፣ ሲጨመቅ፦ ላትቪያውያን ንጉሥ የላቸውም፣ ጦርነትም አላሸነፉም፣ 700 ዓመት ሰው ሲገዛቸው ነው የኖሩት፣ ታዲያ ምን ታሪክ አላቸው? ብሔር የሆኑትስ ሶቪየት ሲፈርስ አይደል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትንሽ አበሳጭቶኛል፣ ግን ብዙ ሰው በውስጡ የሚያስበው ስለሆነ በደንብ ልመልስልህ። ታሪክ ያለው ንጉሥ ያለው ብቻ ነው ካልን የዓለም ገበሬ ሁሉ ታሪክ የለውም ማለታችን ነው፣ እኔ ደሞ ይሄን በጭራሽ አልቀበልም።

ጀርመኖች ከመምጣታቸው በፊት እዛ አገር ኩሮች፣ ዘምጋሎች፣ ላትጋሎችና ሴሎች የሚባሉ የየራሳቸው አለቃና ምሽግ ያላቸው ህዝቦች ነበሩ፣ ከነሊቮቹ። ጳጳስ አልበርት በ1201 የዛሬዋን ዋና ከተማ ሪጋን ቆረቆረ፣ ቀጥሎ የመስቀል ጦረኞቹ አገሩን ያዙት፣ ከዛ በኋላ ፖላንድም መጣች ስዊድንም መጣች፣ በ1700ዎቹ ደሞ የሩሲያ ዛር ቀስ በቀስ ሁሉንም ጠቀለለው፤ ከላይ ያለው ገዢ ቢቀያየርም ግን መሬቱ፣ ቤተክርስቲያኑና ከተማው በአብዛኛው በጀርመን ባላባቶች እጅ እንደነበር ቀረ። ላትቪያኛ ተናጋሪው ገባር ነው። ከባላባቱ መሬት መነቃነቅ አይችልም። ገባርነቱ በምዕራቡ በኩርላንድ በ1817፣ በሰሜኑ በቪድዜሜ በ1819 ቀረ፣ በምስራቁ በላትጋሌ ግን እስከ 1861 ቆየ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነፃ የወጣውም ያለ መሬት ነው የወጣው። ከነዚህ መሀል ተምሮ ከፍ ያለ ሰው ጀርመንኛ ያወራል፣ ስሙን ወደ ጀርመን ያስጠጋል፣ ልጆቹ ጀርመን ሆነው ያድጋሉ፤ የተማረ ላትቪያዊ የሚባል ነገር አለ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ነው ክሪሽያኒስ ቫልደማርስ የሚመጣው። በ1850ዎቹ ኢስቶኒያ ውስጥ ባለችው በዛሬዋ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፣ እና የክፍሉ በር ላይ በለጠፋት የስም ካርድ ከስሙና ከትምህርቱ ቀጥሎ «ላትቪያዊ» ብሎ ጻፈ። ይቺው ናት ነገሩ። ዛሬ ለኛ ምንም አይመስልም፣ በዛን ጊዜ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን በገባር ወገኑ ስም መጥራቱ የጀርመኖቹን ዓለም የሚያናጋ ነበር። እሱና ጓደኞቹ ወጣት ላትቪያውያን ተባሉ፣ ከ1862 እስከ 1865 ፒተርስበርግ ላይ ጋዜጣ አወጡ፣ ጋዜጣው ተዘጋ፣ ሀሳቡ ግን አልተዘጋም።

ከጋዜጣው ሰዎች አንዱ ክሪሽያኒስ ባሮንስ ነው፣ እኔ ከዚህ ህዝብ ታሪክ አብልጬ የምወደው ሰው። ላትቪያውያን ዳይና የሚሏቸው አጫጭር የቃል ግጥሞች አሏቸው፣ አብዛኞቹ አራት መስመር ናቸው፣ እናት ልጇን ስታስተኛ፣ ሙሽራ ስትሸኝ፣ ሰው ሲቀበር፣ አጃ ሲታጨድ የሚዘፈኑ። ባሮንስ ሞስኮ ውስጥ በቤት አስተማሪነት እየኖረ እነዚህን ግጥሞች ከየመንደሩ ከሚልኩለት ሰዎች እየተቀበለ እያንዳንዷን በአንዲት ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ላይ ይገለብጥ ነበር፤ ወረቀቱ ሲበዛበት በ1880 ራሱ ንድፉን ሰርቶ ባለብዙ መሳቢያ ቁምሳጥን አሰራ፣ መሳቢያዎቹ በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈሉ፣ ልደቱ ለብቻ፣ ሰርጉ ለብቻ፣ ሞቱ ለብቻ። ከ1894 እስከ 1915 ታትሞ ሲያልቅ ግጥሞቹ ከነተለዋጮቻቸው 217,996 ነበሩ። ያ ቁምሳጥን ዛሬ ሪጋ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፣ ዩኔስኮም በ2001 በዓለም የትውስታ መዝገብ አስፍሮታል። እንግዲህ አስበው፣ ግጥሞቹን የፈጠሩት በብዛት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የገጠር ሴቶች ናቸው። «ምን ታሪክ አላቸው» ለሚል ሰው የኔ መልስ ያ ቁምሳጥን ነው።

በ1873 ሪጋ ላይ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመዝሙር በዓል ሆነ፣ ወደ 1,000 ዘማሪ ከየገጠሩ ተሰብስቦ፣ የዛሬው ብሔራዊ መዝሙራቸውም የተዘመረው ያኔ ነው። ኖቬምበር 18 1918 ነፃነት አወጁ። ጦርነት አላሸነፉም ያልከውም ልክ አይደለም፤ ካወጁ በኋላ ከቦልሼቪክም ከጀርመን ቅሪት ጦርም ጋር ተዋግተዋል፣ ኖቬምበር 11 1919 ከጀርመኖች ጋር የወገነውን የቤርሞንትን ጦር ከሪጋ ዳርቻ ያባረሩበትን ቀን እስከዛሬ ሻማ እያበሩ ያስቡታል። በ1920 ሶቪየት ሩሲያ ራሷ በዚያ መሬት ላይ የነበራትን መብት ለዘላለም ትቻለሁ ብላ ፈረመች። ሃያ ዓመት አልቆየም፣ ሰኔ 1940 ታንኮቿ ገቡ።

«ብሔር የሆኑት ሶቪየት ሲፈርስ ነው» ላልከው ደሞ፣ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብሔር ስለሆኑ ነው መውጣት የቻሉት። በ1985ቱ የመዝሙር በዓል ላይ የሰመጠ ግንብ ተመልሶ ስለመነሳቱ የሚተርክ «የብርሃን ግንብ» የሚባል የድሮ መዝሙር ከፕሮግራም ወጥቶ ነበር፤ ዘማሪውና ህዝቡ ካልተዘመረ ብሎ አሻፈረኝ አለ፣ ከመሪነት ዝርዝር የተሰረዙትን ሽማግሌ ሃራልድስ ሜድኒስን በስማቸው እየጠራ አስወጥቶ አስመራቸው። በ1987 ሰዎች ሪጋ ባለው የነፃነት ሐውልት ስር አበባ አኖሩ፣ ነሐሴ 1989 ከቪልኒየስ በሪጋ አርጎ እስከ ታሊን ወደ ሁለት ሚሊዮን ሰው እጅ ለእጅ ተያያዘ፣ ጥር 1991 ደሞ ገበሬው ትራክተሩንና የእንጨት መኪናውን እየነዳ መጥቶ የሪጋን መንገዶች ዘጋ። ይሄ ሁሉ በአንድ ሌሊት የተፈጠረ ህዝብ የሚያደርገው ነገር አይደለም።

«ላትቪያ ጋምቢያ ውስጥ ቅኝ ግዛት ነበራት ይባላል፣ ቀልድ ነው?»

ቀልድ አይደለም፣ ግን ላትቪያ ነበራት ማለት ይከብዳል። የኩርላንድ መስፍን ያኮብ በ1651 ጋምቢያ ወንዝ ላይ ያለች ደሴት ይዞ ምሽግ ሰርቷል፣ ካሪቢያን ቶቤጎ ላይም ሰፋሪ ልኳል። ደሴቷን በ1661 እንግሊዞች ወሰዷት፣ ዛሬ ኩንታ ኪንቴ ደሴት ትባላለች። መስፍኑ ጀርመን ነው፣ ላትቪያውያኑ በገዛ አገራቸው የሱ ገባሮች ነበሩ። አንዳንድ ላትቪያውያን ዛሬ በኩራት ሲያወሩት እሰማለሁ፣ እኔ የሚያኮራ ነገር አይታየኝም፤ ደሴቷ በኋላ የባሪያ ንግድ መናኸሪያ ሆናለች።

«ሁሉም ሉተራን ናቸው?»

አይደሉም። ምስራቁ ላትጋሌ ለረጅም ጊዜ ከፖላንድ ጋር ስለነበር ካቶሊክ ነው፣ የራሱ አነጋገርም አለው። ዛሩ ከ1865 እስከ 1904 በላቲን ፊደል ማተም ከልክሏቸው መጽሐፍ በእጅ እየገለበጡ ነው የቆዩት። በ1917 ሬዜክኔ ከተማ ተሰብስበው ከሌሎቹ ላትቪያውያን ጋር እንሁን ብለው ወሰኑ። የነፃነት ሐውልቱ ላይ ሴቲቱ ከያዘቻቸው ሶስት ኮከቦች አንዱ የነሱ ነው።

ሪጋ ተምሮ እዛው ስራ የያዘ ልጅ ዜግነት ለመጠየቅ ምን ያስፈልገኛል ይላል።

ባጭሩ በቋሚ ነዋሪነት 5 ዓመት፣ የቋንቋ ፈተና፣ ስለ ህገ መንግስቱ፣ ስለ ታሪካቸውና ስለ ብሔራዊ መዝሙራቸው ፈተና። ግን ልጄ እዚህ ላይ አትቸኩል። የላትቪያ ህግ ጥምር ዜግነት የሚፈቅደው ከተወሰኑ አገሮች ጋር ነው፣ ኢትዮጵያ ከነሱ ውስጥ የለችም፤ የኛም ህግ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያሳጣዋል። ስለዚህ አንድም ፎርም ሳትሞላ የዜግነትና ስደት ጉዳይ ቢሯቸው በአካል ሄደህ ጠይቅ፣ ከዛ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር። የኔን መልስ ይዘህ እንዳትወስን፣ አደራ።

«እዛ አገር ተወልደው ያደጉ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ዜግነት ተከልክለዋል ይባላል። ይሄ ዘረኝነት አይደለም?»

ነገሩን ከሁለቱም ወገን እየው። ከጦርነቱ በፊት ከህዝቡ ከሶስት አራተኛ በላይ ላትቪያዊ ነበር። ጁን 14 1941 በአንድ ሌሊት ወደ 15,000 ሰው፣ መጋቢት 1949 ደሞ ከ42,000 በላይ ሰው፣ ህፃንና አሮጊት ሳይቀር፣ በከብት ባቡር ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። በዚያው ዘመን ከሌላው ሶቪየት ለፋብሪካና ለጦር ሰራዊት ብዙ መቶ ሺህ ሰው መጣ፣ በ1989 ቆጠራ ላትቪያውያኑ 52 በመቶ ላይ ነበሩ። ስለዚህ በ1991 «አዲስ አገር አልመሠረትንም፣ የተወረረችውን ነው የመለስነው» አሉና ዜግነቱን ከ1940 በፊት ዜጋ ለነበሩትና ለልጆቻቸው ሰጡ። ሌላው ቋንቋ ተምሮ ተፈትኖ ይግባ ተባለ። ዘሩ ሩሲያዊ የሆነ ግን ቅድመ አያቱ በ1930ዎቹ ዜጋ የነበረ ሰው ወዲያው ዜጋ ነው የሆነው፣ ስለዚህ መስፈርቱ ዘር አይደለም።

ያም ሆኖ እዛው ተወልዶ፣ አርባ ዓመት ሰርቶ፣ መምረጥ የማይችል ሰው ህመም እውነተኛ ህመም ነው። ላትቪያኛ ለአንዲት የስድሳ ዓመት የፋብሪካ ሰራተኛ ቀላል ፈተና አይደለም። በኔ እምነት ልጆቹን ቀደም ብለው መቀበል ነበረባቸው፤ ከ2020 ጀምሮ የሚወለዱት በቀጥታ ዜጋ እንዲሆኑ የወሰኑት በጣም ዘግይተው ነው።

ቴል አቪቭ ያለ አንባቢ፦ «ላትቪያውያን ናዚ አልነበሩም? በየዓመቱ ማርች 16 ሰልፍ ይወጡ የለ?»

ይሄን ጥያቄ መሸሽ አይቻልም፣ መሸሽም አልፈልግም። በናዚ ወረራ ጊዜ ወደ 70,000 የላትቪያ አይሁዶች ተገደሉ። ከሪጋ አጠገብ ሩምቡላ ጫካ ውስጥ ብቻ፣ ኖቬምበር 30 እና ዲሴምበር 8 1941፣ በሁለት ቀን ወደ 25,000 ሰው። ያዘዙት ጀርመኖች ናቸው፣ ግን የአገሬው ሰዎችም ገድለዋል፤ ቪክቶርስ አራይስ የሚመራው ክፍል በላትቪያውያን የተሞላ ነበር፣ እሱም በ1979 ሃምቡርግ ላይ እድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ላትቪያን የሚወድ ሰው ይሄን አብሮ መናገር አለበት።

ማርች 16 የሚታሰበው የላትቪያ ሌጌዎን የሚባለው ጦር ነው፣ በ1943 በሂትለር ትእዛዝ በናዚው ኤስኤስ ስር የተቋቋመው። አብዛኛው ተገዶ የተመለመለ ወጣት ነው፣ ሶቪየት ቤተሰቡን ያጋዘበትም ብዙ ነበር፤ ግን ቀደም ሲል በግድያው የተሳተፉ ፖሊሶችም ገብተውበታል። ፓርላማው በ1998 ቀኑን ይፋዊ መታሰቢያ አርጎት በ2000 ሰርዞታል። መሰረዙ ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ሟች ልጃቸውን ማልቀስ የሚፈልጉ ቤተሰቦች መቃብር ሄደው ማልቀስ ይችላሉ፣ የኤስኤስ ዩኒፎርም ግን የአገር በዓል ሊሆን አይገባም።

በዛው ሪጋ ዣኒስ ሊፕኬ የሚባል የወደብ ሰራተኛ ከሚስቱ ጋር በግቢው የእንጨት ማከማቻ ስር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አይሁዶች ከታጎሩበት ጌቶ እያወጣ፣ ከ40 በላይ አይሁዶች አትርፏል። ቤተሰብህ ከዛ አካባቢ ከሆነና የተለየ ስም የምትፈልግ ከሆነ ኢየሩሳሌም ያለውን የሆሎኮስት መታሰቢያ ያድ ቫሼምን ጠይቅ፣ ኢንተርኔት ላይ ከሚለቀቀው ላይ አትመስርት።

«የመጀመሪያው የገና ዛፍ ሪጋ ነው የቆመው?»

ሪጋ 1510ን ትጠቅሳለች፣ ታሊን 1441ን፤ እስከዛሬ እንደተከራከሩ ናቸው።

ቨርጂኒያ ያለች እናት፦ ልጆቼ አማርኛ እየረሱ ነው፣ ላትቪያውያኑ ውጭ ሆነው እንዴት አቆዩት?

በ1944 ብዙ ላትቪያዊ ከሶቪየት ጦር ሸሽቶ ጀርመን ካምፖች ገባ፣ ከዛ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ ተበተነ። ምን ሰሩ? ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ መዘምራን አቋቋሙ፣ ሚቺጋን ውስጥ ጋሬዘርስ የሚባል የክረምት ካምፕ በ1965 መሠረቱ፣ ልጆች እዛ ሳምንታት እየቆዩ በላትቪያኛ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እኔ ቁልፉ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ልጅ ቋንቋውን ከእድሜ እኩዮቹ ጋር ካልተጫወተበት የአያት ቋንቋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቫይራ ቪኬ ፍሬይበርጋ በልጅነቷ ነው የተሰደደችው፣ ጀርመን፣ ሞሮኮ፣ ካናዳ አደገች፣ ሞንትሪያል የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሆና ስታስተምር ጎን ለጎን ዳይናዎችን ታጠና ነበር፤ በ1999 የላትቪያ ፕሬዚዳንት ሆነች፣ እስከ 2007። ሰፈርሽ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ካገኘሽ ቅዳሜን ጀምሪ። ልጁ መናገር ራሱ የዘገየ ከሆነ ግን ያው የንግግር ባለሙያ አሳዪው።

«የሚቀጥለው የመዝሙር በዓል መቼ ነው፣ መሄድ እንችላለን?»

በአምስት ዓመት አንዴ ነው፣ ያለፈው 2023 ነበር፣ ስለዚህ 2028 ክረምት ላይ ጠብቁ። ዋናው የማጠቃለያ ኮንሰርት ሜጃፓርክስ በሚባለው የሪጋ ደን ውስጥ ባለው መድረክ ነው፣ ከ10,000 በላይ ሰው አንድ ላይ ይዘምራል። ቲኬቱ ቶሎ ያልቃል፣ ቪዛችሁን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ።